የሩዝ ዘር አየር ሲያጣ ስኳሩ ወዴት ይሄዳል? ጥያቄና መልስ

የክረምቱ እርሻ ከመጀመሩ በፊት ከገበሬዎች፣ ከግብርና ባለሙያዎች፣ ከመምህራንና ከተማሪዎች ስለ ሩዝ ዘር አበቃቀል የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ሲሆን የዕፅዋት ሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹ ከአንድ ጉዳይ ይመነጫሉ፤ እሱም ዘሩ አየር ሲያጣ በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር መለወጡን ይቀጥላል ወይስ ያቆማል፣ የተገኘውስ ስኳር ምን ላይ ይውላል የሚለው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልጠቁም።

ጥያቄ (ከሰሜን አቸፈር)፦ ጤና ይስጥልኝ። በሰኔ ወር ሩዝ በብተና ዘርቼ በማግስቱ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ማሳው ዋልካ ስለሆነ ውሃው ከሳምንት በላይ ተኛበት። ከጎኑ የዘራሁት በቆሎ እዚያው መሬት ውስጥ በሰበሰ፤ ሩዙ ግን ግማሽ ያህሉ ወጣ። ሩዙ ውሃ ውስጥ ሆኖ ምን በልቶ ነው የበቀለው? ግማሹስ ለምን ቀረ?

መልስ፦ አብሮ ይስጥልኝ። የሩዝ ፍሬ ገለባው ሲገፈፍ ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች ይታዩበታል፤ አንዱ በግርጌው በኩል ተለጥፎ የሚገኘው ትንሹ ሽል ሲሆን፣ ሌላው አብዛኛውን ክብደት የሚይዘው ነጩ የምግብ ክምችት ነው። ቡቃያ የሚሆነው ሽሉ ነው። ክምችቱ ግን የተቀመጠው በስታርች መልክ ስለሆነ ሽሉ እንዳለ ሊጠቀምበት አይችልም። ጎተራው በእህል ቢሞላም ወፍጮ ከሌለ እንጀራ እንደማይበላ ሁሉ፣ ስታርቹም አማይሌዝ በሚባሉ ኤንዛይሞች ተሰባብሮ ማልቶስና ግሉኮስ ወደሚባሉት ቀላል ስኳሮች እስካልተለወጠ ድረስ ለሽሉ አይደርሰውም።

ዘሩ ውሃ ከጠጣ በኋላ በመጀመሪያው አንድና ሁለት ቀን ሽሉ የሚኖረው በራሱ ውስጥና ፉርሽካ በሚሆነው ሽፋን ውስጥ በነበረው ጥቂት ሱክሮስና ራፊኖስ ነው። ይህ ስንቅ እጅግ ትንሽ ነው፤ ገለባው በተገፈፈ ደረቅ ሩዝ ውስጥ ያለው ነጻ ስኳር ከክብደቱ 1 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ ስታርቹ ግን ሦስት አራተኛውን ያህል ይይዛል። ስንቁ ሲያልቅ የዘሩ ዕጣ የሚወሰነው አማይሌዝ መሥራት በመቻሉና ባለመቻሉ ነው። እንደ ገብስና ስንዴ ባሉት እህሎች ዘንድ ኤንዛይሙ እንዲሠራ የሚያዘው ከሽሉ የሚመነጨው ጅበረሊን የተባለ ሆርሞን ነው፤ ይህን ሆርሞን ለመሥራት ራሱ ኦክስጅን ያስፈልጋል። ስለዚህ ውሃ ሲተኛባቸው ትእዛዙም አይወጣም፣ ኤንዛይሙም አይሠራም፤ ዘሩ በስታርች እንደተሞላ በረሃብ ይሞታል። የበቆሎው ዘርም ፍጹም አየር ሲያጣ አይበቅልም፤ መበስበሱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ የተሕዋስያን ሥራ ነው።

ሩዝ ከዚህ የሚለየው ሁለተኛ መንገድ ስላለው ነው። በሽሉ ውስጥ ያለው ስኳር ሲያልቅ ረሃቡ ራሱ ምልክት ይሆንና፣ ሽሉን ከክምችቱ ጋር በሚያዋስነው ስኩተለም በተባለው ክፍል ውስጥ አርኤሚ 3ዲ የሚባለው የአማይሌዝ ዘረመል ሥራ ይጀምራል። ይህ ጅበረሊን አይጠብቅም። የኦክስጅን እጥረትና የስኳር ረሃብ ተያይዘው ይህን ዘረመል እንዴት እንደሚያስነሡ፣ ሲአይፒኬ 15 የተባለው ፕሮቲን መካከለኛ ሆኖ እንደሚያገናኛቸው የታይዋን ተመራማሪዎች በ2009 አሳይተዋል። ስለዚህ ለጥያቄዎ መልሱ፣ ሩዙ የበላው የራሱን ስታርች ነው፤ የሚያስደንቀው ያለ አየር ሊፈጨው መቻሉ ነው።

ግማሹ የቀረበት ምክንያት አንድ ብቻ አይሆንም። ያለ አየር የሚበቅል ሩዝ መጀመሪያ የሚያወጣው ሥርም ቅጠልም ሳይሆን ቀጭን ነጭ ቱቦ ነው። ቱቦው ጫፉ ከውሃው በላይ ብቅ ሲል አየር በውስጡ ወደ ዘሩ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ሥርና ቅጠል ይከተላሉ። ስለዚህ በጭቃ የተቀበረው፣ ውሃው ጥልቅ በሆነበት ጎድጓዳ ያረፈው፣ ወይም ሲወቃ ተሰንጥቆ ስኳሩ ወደ ውሃው የሚፈስበት ዘር ቱቦው ብርሃን ሳያይ አቅሙ ያልቃል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ)፦ መምህር፣ የሩዝ ዘር በአየር ውስጥና ኦክስጅን እንዳይኖር ናይትሮጅን በሚያልፍበት ዕቃ ውስጥ አብቅዬ በየቀኑ ግሉኮስና ሱክሮስ ለካሁ። በአየር የበቀለው በአራተኛው ቀን ብዙ ስኳር ሲኖረው ናይትሮጅን ውስጥ ያለው ግን ሁለቱም ዝቅ ብለው ተገኙ። ያለ ኦክስጅን ስታርቹ አልተሰበረም ብዬ ልደምድም?

መልስ፦ አትደምድሚ። የለካሽው ስኳር የተመረተው ስኳር አይደለም፤ ከተመረተው ላይ ወጪው ተቀንሶ በዚያች ሰዓት የተረፈው ነው። ከስታርቹ የሚገባውም፣ ሽሉ የሚያቃጥለውም፣ ወደ ሌላ ስኳር የሚለወጠውም በኦክስጅን መጠን ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ ዝቅ ያለ ንባብ አነስተኛ ምርትም ከፍተኛ ወጪም ሊሆን ይችላል።

ወጪውን በቁጥር እንየው። ኦክስጅን ባለበት አንድ የግሉኮስ ሞለኪውል እስከ መጨረሻው ሲቃጠል የሕዋስ ጉልበት ተሸካሚ የሆነው ኤቲፒ 30 ያህል ይገኝበታል። ኦክስጅን በሌለበት ግን ዘሩ ግሉኮሱን አብላልቶ ኢታኖል ወደተባለው አልኮል ይለውጠዋል፤ ከዚህ የሚገኘው 2 ኤቲፒ ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ጉልበት ለማግኘት 15 እጥፍ ስኳር ይፈጃል ማለት ነው። ሽሉ ሥርና ቅጠል መሥራቱን ትቶ ፍላጎቱን በእጅጉ ስለሚቀንስ ፍጆታው በእውነት 15 እጥፍ አይደርስም፤ ያም ሆኖ ከስታርቹ የሚወጣው ስኳር ገና ከመድረሱ ይበላል። በአየር ውስጥ ደግሞ አማይሌዙ ከሚፈለገው በላይ ስለሚሠራ ግሉኮሱ በክምችቱ ውስጥ ይጠራቀማል። አንቺ ያየሽው ልዩነት በከፊል ይህ ነው። በከፊል ስል፣ ያለ ኦክስጅን የስታርቹ መሰባበር ራሱ ከአየሩ ይልቅ የዘገየ መሆኑ እውነት ስለሆነ ነው፤ ዘገየ ማለት ግን ቆመ ማለት አይደለም።

የሱክሮሱ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። በአየር ውስጥ ስኩተለሙ ከክምችቱ የመጣውን ግሉኮስ ተቀብሎ እንደገና ሱክሮስ አድርጎ ወደ ሥሩና ወደ ቡቃያው ይልከዋል። ይህ ሥራ ጉልበት ይጠይቃል። ኦክስጅን ሲጠፋ ጉልበቱ ስለሚያንስ ሱክሮስ መሥራቱ ይዳከማል፤ ያለውን ሱክሮስ መሰባበሩ ግን ይቀጥላል። ሩዝ በዚህ ጊዜ የሚመርጠው ሱክሮስን በውሃ የሚሰብረውን ኢንቨርቴዝ ሳይሆን ሱክሮስ ሲንቴዝ የተባለውን ኤንዛይም ነው፤ ይህኛው መንገድ በኤቲፒ ፋንታ ፓይሮፎስፌት በተባለ ሌላ ጉልበት ተሸካሚ ስለሚጠቀም ከእያንዳንዱ ሱክሮስ ላይ ጥቂት ኤቲፒ ያተርፋል። በመሆኑም ሱክሮስ ከግሉኮስና ፍሩክቶስ ጋር ያለው ንጽጽር ከጠቅላላ ስኳሩ የበለጠ ይናገራል። በጠቅላላ ስኳር ላይ ብቻ ተመሥርተው የሚጻፉ መመረቂያ ጽሑፎች ሳነብ ሁልጊዜ ቅር ይለኛል።

አራት ነገሮችን ብታሟዪ ሥራሽ ይጠነክራል። አንደኛ፣ የቀረውን ስታርችና ወደ ውሃው የወጣውን ኢታኖል አብረሽ ለኪ፤ 180 ግራም ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ ሲብላላ 92 ግራም ኢታኖል ስለሚሰጥ፣ ከኢታኖሉ ተነሥተሽ የተበላውን ስኳር ወደ ኋላ ማስላት ትችያለሽ። ናይትሮጅኑ እያለፈ ኢታኖሉን በትነት እንደሚወስደው ግን አትርሺ። ሁለተኛ፣ ሽሉን ከክምችቱ ለይተሽ ለኪ፤ በሙሉ ፍሬ ላይ ሲለካ የክምችቱ ግሉኮስ የሽሉን ረሃብ ይሸፍነዋል፤ አርኤሚ 3ዲን የሚያስነሣው ደግሞ የሽሉ ረሃብ ነው። ሦስተኛ፣ ናሙናውን እንዳወጣሽ ወዲያው በ80 በመቶ ትኩስ አልኮል ውስጥ ክተቺው፤ በላቦራቶሪው መውቀጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብትዘገዪ አማይሌዙ እዚያው ሥራውን ይቀጥልና አንቺ የምትለኪው በጠረጴዛሽ ላይ የተፈጠረ ስኳር ይሆናል።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አሃዱ ነው። በአየር የበቀለ ዘር በትንፋሽ ደረቅ ክብደቱን በፍጥነት ያጣል። ስኳሩን በአንድ ግራም ደረቅ ክብደት ካሰላሽ አካፋዩ ራሱ ስለሚያንስ፣ ስኳሩ ሳይጨምር የጨመረ ይመስላል። በአንድ ዘር ሂሳብ አስልተሽ ጎን ለጎን አቅርቢው፤ ሁለቱ ሥዕሎች ካልተስማሙ ልዩነቱን መግለጽ የአንቺ ፋንታ ነው።

ጥያቄ (ከዚሁ ተማሪ)፦ ኦክስጅኑ 21፣ 5፣ 1 እና 0 በመቶ ሲሆን ለውጡ ቀስ በቀስ ነው የሚመጣው ወይስ ድንገት የሚሰበርበት ቦታ አለው?

መልስ፦ ሁለቱም አለ። ኦክስጅን የሚቀበለው የመጨረሻው የትንፋሽ ኤንዛይም፣ ማለትም ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ፣ እጅግ ጥቂት ኦክስጅን ይበቃዋል፤ ኤንዛይሙን ለብቻው ብናየው ከ1 በመቶ በታችም በደንብ ይሠራል። ይሁን እንጂ ዘሩ ድፍን ነው። ኦክስጅኑ ገለባውን፣ በገለባው ሥር የተያዘውን ቀጭን የውሃ ሽፋንና ሕብረ ሕዋሱን አልፎ ነው የሚገባው፤ በየደረጃውም ይበላል። ስለዚህ ከውጭ 5 በመቶ ባለበት ጊዜ የዘሩ ቆዳ እየተነፈሰ እምብርቱ ሊያብላላ ይችላል። መለኪያው ላይ የሚታየው ቀስ ያለ መውረድ የሚመጣው እንዲህ የተለያየ ሁኔታ ያላቸው ክፍሎች ሲደመሩ ነው።

በአካል ክፍሎቹ ዕድገት ላይ ግን መሰበሪያው ጎልቶ ይታያል፤ ሥርና ቅጠል ኦክስጅን ይሻሉ፣ ቱቦው ግን በዜሮ በመቶም ይረዝማል። አልፒና ቢቨርስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1983 ባሳተሙት ጥናት የሩዝ ቡቃያን በተለያዩ የኦክስጅን መጠኖች አብቅለው የመረመሩት ይህንኑ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በጣሊያን ፒሳ ውስጥ እነ አልፒና ፔራታ ጉዳዩን ወደ ስኳሩና ወደ አማይሌዙ አዙረው በ1990ዎቹ ሩዝን ከስንዴና ከገብስ ጋር አነጻጽረዋል። የስንዴ ዘር ያለ ኦክስጅን ሳለ ግሉኮስ ከውጭ ሲሰጠው ዕድሜው መርዘሙ፣ የሚገድለው አየር ማጣቱ ብቻ ሳይሆን ስኳር ማጣቱም መሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ ነው። እኔ ከዚህ ዘርፍ ሥራዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ ቀላል ነው፣ ክርክሩንም ይዘጋል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የእኛ አካባቢ ከፍታው በኦክስጅኑ ላይ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ያመጣል፤ ነገር ግን በመቶኛው ላይ አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። አየሩ እዚህም 21 በመቶ ኦክስጅን አለው፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ግን ያንሳል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በባሕር ወለል አንድ ሊትር ውሃ 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ የሚይዘው 6.6 አካባቢ ነው። አንድ ሊትር አየር ግን በባሕር ዳርም ቢሆን ከ200 ሚሊግራም በላይ ይይዛል። በዚያ ላይ ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው በ10,000 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ ዘሩ አየር ውስጥ ነው ወይስ ውሃ ውስጥ የሚለው ሲሆን፣ ከፍታው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ከውጭ አገር ጥናት ላይ የኦክስጅን መጠን ገልብጠው የሚጠቀሙ ተማሪዎች ግን በመቶኛ ሳይሆን በግፊት ወይም በሚሊግራም ቢጽፉት ይመከራል።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ እኔ ጠላ ጠምቄ የምተዳደር ነኝ። የገብስ ብቅል ስዘፈዝፍ ውሃው ሳይደፋ ከቆየ ይሸታል፣ አይበቅልም። ሩዝ ግን ውሃ ውስጥም ይበቅላል ሲሉ ሰማሁ። ታዲያ ሩዝን ብቅል ማድረግ አይቀልም?

መልስ፦ እህቴ፣ የገብሱን በትክክል አስተውለዋል። ገብሱ ተዘፍዝፎ ከጠጣ በኋላ ውሃው ተጠንፍፎ በኮባ ወይም በጉሎ ቅጠል የሚሸፈነው እርጥበቱ ሳይለየው አየር እንዲያገኝ ነው። ውሃው ላይ ከቆየ ሽሉ ይታፈናል፤ አማይሌዙ ስለማይሠራ ብቅሉም ብቅል አይሆንም። ሽታው የሚመጣው ከዘሩ የሚወጣውን ስኳር ተሕዋስያን ሲቀራመቱት ነው።

የሩዙ ነገር እንደሚመስለው አይደለም። ሩዝ ውሃ ውስጥ የሚሠራው አማይሌዝ ለራሱ ቱቦ ማርዘሚያ የሚበቃ ያህል ነው፤ ለብቅል የሚፈለገው ግን ለሌላውም እህል የሚተርፍ ነው። በአየር ቢበቅልም እንኳ፣ ስታርችን ወደ ማልቶስ የሚቆርጠው ቤታ አማይሌዝ የሚባለው ኤንዛይም በሩዝ ብቅል ውስጥ ከገብሱ ብቅል በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ብቅሉን በገብስ ይተዉት፤ ሩዙን ከፈለጉ በእንኩሮው በኩል ያስገቡት። የሩዝ ስታርች እንዲላላ ከገብስ የበለጠ ሙቀት ስለሚሻ፣ በደንብ ከበሰለ በኋላ የገብሱ ብቅል በቀላሉ ወደ ስኳር ይለውጠዋል።

ጥያቄ (ከመርዓዊ)፦ ውሃ ውስጥ የበቀለው ሩዝ ለምን ሥር አያወጣም?

መልስ፦ የሥር ዕድገት አዳዲስ ሕዋሳት እየተከፈሉ የሚሠሩት ሥራ ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን ጉልበት መብላላት አይሸፍንም። ቱቦው ግን በአብዛኛው ያሉትን ሕዋሳት በውሃ እያስረዘመ ስለሚያድግ ወጪው አነስተኛ ነው። ያለችውን ጥቂት ስኳር አየር ወደሚገኝበት አቅጣጫ ማዋሉ ነው።

ጥያቄ (ከጃዊ፣ የግብርና ባለሙያ)፦ ጎርፍ የሚቋቋሙ የሩዝ ዝርያዎች እንዳሉ በሥልጠና ላይ ሰምተናል። እነዚህ ዝርያዎች ከተዘራ በኋላ ውሃ ለሚተኛበት ማሳ ይሆናሉ?

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ጠባዮች በአንድ ስም እየተጠሩ ብዙዎችን ያደናግራሉ፤ ስለዚህ ለይቼ ላቅርባቸው። የመጀመሪያው ሰብ 1ኤ የተባለው ዘረመል ያለበት ነው። ምንጩ የሕንድ ኦዲሻ አካባቢ ዝርያ የሆነው ኤፍአር 13ኤ ሲሆን ዘረመሉ ተለይቶ የታተመው በ2006 ነው። ይህ ዘረመል የሚሠራው ሥርና ቅጠል ባለው ቡቃያ ላይ ነው፤ ቡቃያው ውሃ ሲውጠው ዕድገቱን ገትቶ ስኳሩን ይቆጥብና ሁለት ሳምንት ያህል ይጠብቃል። ከውሃው የሚያመልጠው በመርዘም ሳይሆን በመታገሥ ነው።

ገና ለበቀለ ዘር ይህ ስልት አይጠቅምም፤ ዘሩ የሚድነው በተቃራኒው ስኳሩን ፈጥኖ አውጥቶ ቱቦውን ወደ አየር ሲያደርስ ነው። በዚህ በኩል የታወቀው ቲፒፒ 7 የተባለው ዘረመል ነው። ከማይናማር ዝርያ ከካዎ ህላን ኦን ተገኝቶ በ2015 ይፋ ሆነ፤ በሰፊው የሚዘራው አይአር 64 ይህ ዘረመል የለውም። አሠራሩ ለስኳር ነገር የሚጨነቅን ሰው ያስደስታል። ትሬሃሎስ 6 ፎስፌት የተባለ ንጥረ ነገር በዕፅዋት ውስጥ ስኳር በቂ ነው የሚል ምልክት ነው፤ ዘረመሉ የሚሠራው ኤንዛይም ይህን ምልክት ስለሚያጠፋ ሽሉ ጠግቤያለሁ ሳይል ስታርቹን ማስፈጨት ይቀጥላል፤ ስኳሩም ወደ ቱቦው ይሳባል።

ስለዚህ ለማሳችሁ የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው። በእጃችሁ ያለው ዘር፣ ኤክስ ጅግናም ሆነ ኔሪካ 4፣ ምን ያህል አቅም እንዳለው በራሳችሁ መፈተን ትችላላችሁ። ከየዓይነቱ እኩል ቁጥር ያለው ዘር በሳፋ አፈር ውስጥ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ቀብራችሁ፣ አንዱን ሳፋ እርጥብ ብቻ አድርጉት፣ ሌላውን ደግሞ 10 ሴንቲሜትር ያህል ውሃ አስተኙበትና እስከ ሦስት ሳምንት ጠብቃችሁ የወጣውን ቁጠሩ። እርጥቡ ሳፋ የግድ ያስፈልጋል፤ እሱ ከሌለ የአሮጌ ዘር ሞት በውሃው ይሳበባል።

ጥያቄ (ከፓዌ)፦ ዘር ከመዝራት በፊት ለምን ያህል ጊዜ ይዘፍዘፍ?

መልስ፦ እንደ ፓዌ ባለ ሞቃት ቦታ 24 ሰዓት ይበቃል፤ በመካከል ውሃውን መቀየር፣ ከዚያም አጠንፍፎ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ከአንድ ቀን እስከ አንድ ቀን ተኩል ማቆየት ነው። ሙቅ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ሆኖ ሳለ ዘሩ ደግሞ በሙቀት የበለጠ ስለሚተነፍስ፣ በርሜል ሙሉ ዘር በጥቂት ሰዓት ውስጥ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ቱቦው ብቻ ወጥቶ ሥር ካልታየ ዘሩ ታፍኖ እንደነበር ይወቁ፤ ነጭ የሥር ጫፍ እንደ ነጥብ ብቅ ሲል የመዝሪያው ጊዜ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው መሬቱ እርጥብ ከሆነ ነው። ዝናቡ ገና ባላስተማመነበት ደረቅ ማሳ ላይ የጎነቆለ ዘር መበተን ዘሩን መጣል ነው፤ ስኳሩ አንዴ መውጣት ከጀመረ ወደ ስታርች ተመልሶ ወደ እንቅልፉ አይገባም።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም፣ የሥነ ሕይወት መምህር)፦ ይህን ነገር ላቦራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት ለተማሪዎች ማሳየት ይቻላል?

መልስ፦ በሚገባ ይቻላል። ውሃ አፍልተው በተከደነ ዕቃ ያቀዝቅዙ፤ ሲፈላ የተሟሟው አየር ይወጣል። ክዳናቸው የሚገጥም ሁለት ጠርሙሶች ይውሰዱና በአንዱ ጥቂት ገለባው ያልተፈተገ ሩዝ፣ በሌላው ጥቂት ገብስ ከተው ውሃውን እስከ አፋቸው ሞልተው አየር ሳይቀር ይክደኗቸው። የሚቀረውን ጥቂት ኦክስጅን ዘሮቹ ራሳቸው ይጨርሱታል። ከሁለቱም እህል ሌላ ጥቂት ዘር በእርጥብ ጨርቅ ላይ ያብቅሉ። ሙቀት ባለበት ክፍል ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ በጨርቁ ላይ ያሉት ሁለቱም ሥር ያወጣሉ። በጠርሙሱ ውስጥ ሩዙ ከአንዱ ጫፉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ጫፉ በትንሹ የታጠፈ ነጭ ቱቦ አውጥቶ ሥሩ የሚወጣበት ቦታ ግን ድፍን እንደሆነ ይታያል፤ ቱቦው ብርሃን ላይ ቢቀመጥም አይለመልምም፣ አረንጓዴው ቀለም እንዲሠራ ኦክስጅን ያስፈልጋልና። ገብሱ ውሃ ጠጥቶ ከማበጥ አያልፍም።

ከዚያ ዘሮቹን ለሁለት ሰንጥቀው ከፋርማሲ የሚገዛ አዮዲን ጠብ ያድርጉባቸው። ስታርች ያለበት ሁሉ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። በጨርቅ ላይ በበቀለው ሩዝ ከሽሉ አጠገብ ያለው ስፍራ ቀለሙ ሳስቶ ይታያል፤ አማይሌዙ የጀመረበት ቦታ ነውና። በጠርሙሱ ሩዝ ላይ የሳሳው ቦታ ጠባብ ነው፤ በታፈነው ገብስ ላይ ግን እስከ ሽሉ ድረስ ጥቁር ሆኖ ይቆያል። የፍራፍሬ ስኳር መለኪያ የምትባለው ትንሽ መሣሪያ ብትገኝም በእሷ አይመኩ፤ የምታነበው የሟሟውን ሁሉ እንጂ ስኳርን ብቻ አይደለም።

ጥያቄ (ከሰሜን አቸፈር)፦ ሩዙ ውሃ የሚችል ከሆነ እንደዘራን ወዲያው ውሃ አስተኝተን አረሙን መግደል አንችልም?

መልስ፦ ብዙ አረም ይታፈናል። ሆኖም ሩዝ የሚመስለው፣ ኢኪኖክሎዋ በሚል ሳይንሳዊ ስም የሚታወቀው ሣር እንደ ሩዝ ሁሉ ያለ ኦክስጅን መብቀል ይችላል። በጣና ዙሪያ ረግረጋማ ቦታ የሚገኘው የዱር ሩዝም ውሃ ለምዶ የኖረ ነው። ለእነዚህ እጅ ወይም መኮትኮቻ ያስፈልጋል።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ የጎነቆለ ሩዝ ለስኳር ሕመምተኛ ይሻላል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ሲጎነቁል ከስታርቹ ከፊሉ ወደ ቀላል ስኳር ይለወጣል እንጂ አይጠፋም። ፉርሽካው ያልተነሣ ሩዝ አየር ባነሰበት ውሃ ሲጎነቁል ጋባ የተባለ ንጥረ ነገር መጨመሩ የታወቀ ነው፤ ይህ ግን መድኃኒት አያደርገውምና አመጋገብዎን ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር ዙሪያ)፦ ባለፈው ዓመት ከዘራሁ በኋላ የተኛውን ውሃ በቦይ አስወጣሁት። ቡቃያው ውሃ ውስጥ ሳለ ደኅና ነበር፤ ውሃው በወጣ በማግስቱ ግን ብዙው ጠውልጎ ወደቀ። ውሃው ባይወጣ ይሻል ነበር?

መልስ፦ ማስወጣትዎ ትክክል ነበር፤ ውሃው ባይወጣ ኖሮ ጫፉ አየር ያላገኘው ቡቃያ ስኳሩን ጨርሶ መሞቱ አይቀርም ነበር። ቡቃያውን የጎዳው በአንድ ጊዜ መድረቁ ነው። ያለ አየር የረዘመ ቱቦ ረጅምና ልፍስፍስ ነው፤ ውሃ የሚስብለት ሥርም የለውም። በውስጡ ደግሞ ሲብላላ የተጠራቀመ ኢታኖል አለ፤ ኦክስጅን በድንገት ሲገባ ከፊሉ ወደ አሴታልዴሃይድ ይለወጣል፣ ይህም ከኢታኖሉ የባሰ መርዝ ነው። በዚያው ሰዓት ሕዋሱን የሚጎዱ የኦክስጅን ውላጆችም ይበዛሉ። ፀሐይ ሲጨመርበት ቡቃያው ይወድቃል።

ስለዚህ ውሃውን ወደ ማታ ያስወጡት፤ ጭቃው ግን እርጥብ ሆኖ ይቆይ፣ መሬቱም አይሰንጠቅ። ኦክስጅን እንደገባ በጅበረሊን የሚታዘዘው አማይሌዝ ሥራውን ይጀምራል፤ ከስታርቹ የሚወጣው ስኳር ይጨምራል፣ ስኩተለሙም ሱክሮስ መላኩን ይቀጥላል፤ በጥቂት ቀናትም ሥር ይወጣል። ጥቂት ቡቃያ ነቅለው ሥሩ ጭቃውን እንደያዘ ካረጋገጡ በኋላ ውሃውን እንደገና በስሱ ማስገባት ይችላሉ።